ፍራንኮ ያለው ምድር ቤት፦ ቅዝቃዜው ይመስገን፣ ስፒከሩ ይቀነስ

የአዳማን የግንቦት ቀትር ለአዳማ ሰው አልተርክም። ባለፈው ወር አንድ እሁድ አባባን ምሳ ልጋብዝ ስወጣ የፈለግኩት ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ብቻ ነበር። ጓደኛዬ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ሕንፃ ሥር የተከፈተ ምግብ ቤት እንዳለ ነግሮኛል፤ «እንደ ጀርመኖቹ ምድር ቤት ነው የሠሩት» ብሎ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጽፍም፤ ፍራንኮ ወርዶ «ምድር ቤቱ የታለ?» ያለን ሰው ግን ማንም ያሳየዋል።

ብሬመን ሰባት ዓመት ስለኖርኩ «የጀርመኖቹ» ሲባል ጆሮዬ ይቆማል። እዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ሥር ያለው ራትስኬለር በፈረንጆቹ ከ1405 ጀምሮ ወይን የሚቀዳበት ቤት ነው። ቃሉን ስነግራቸው አባባ «ራት ቤት ነው?» አሉኝ። «ራት» በእነሱ ምክር ቤት ነው፣ «ኬለር» ደግሞ ምድር ቤት። ላይ የከተማው ሹማምንት ይመክራሉ፣ ታች ወይናቸው በበርሜል ይቀመጣል፤ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብም ለከተማው ነበር። ብዙ የጀርመን ከተሞች እንዲህ ያለ ቤት አላቸው። የብሬመኑ ግን ሌላ ነው፤ በ1653 የተጠመቀ የሩደስሃይም ወይን እስከ ዛሬ በበርሜል አለ፤ በ12ቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ በርሜሎችም አሉ። አባባ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሐዋርያትና መጠጥ አልገጠመላቸውም።

እኔ ከሁሉም የምወደው ግድግዳውን ተጠግተው የተሠሩትን ትንንሽ የእንጨት ክፍሎች ነው። ፕሪዮልከን ይሏቸዋል። በር አላቸው፤ በሩን ለመዝጋት ግን ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰው መኖር አለበት፣ የቆየ ደንባቸው ነው። ገብተህ ስትቀመጥ የጎረቤትህ ጨዋታ ጉርምርምታ ሆኖ ይሰማሃል እንጂ አይረብሽህም።

ወደ እኛው ልመለስ። ደረጃው 19 ነው፣ መደገፊያ አልነበረውም። አባባ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በአንድ እጃቸው ትከሻዬን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዘው ነው የወረዱት። ከአሥረኛው ደረጃ በኋላ ግን አየሩ ተለወጠ፤ አንገቴ ላይ የነበረው ላብ ሲደርቅ ታወቀኝ። ታች ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መቀመጫው ረጅም የእንጨት አግዳሚ ነው። አባባ ቁጭ እንዳሉ ኮታቸውን ለበሱ። በግንቦት፣ አዳማ ላይ!

ሸክላ ጥብሱ 750 ብር ነው፣ ለሁለት ይበቃል። ፍሙ ቀይ እንደሆነ መጣ፤ ሥጋው አልደረቀም፣ አዋዜውም አፍ አያቃጥልም። ምግቡ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም።

ወይኑ ላይ ግን አለኝ። ዝዋይ የሚመረተውን ሪፍት ቫሊ ቀይ አዘዝኩ። ጠርሙሱ የመጣው ወጥ ቤቱ በር አጠገብ ካለ መደርደሪያ ነው፤ ስይዘው ለብ ብሏል። አንጀቴ አረረ። መሬት ተቆፍሮ ቤት ከተሠራ በኋላ ወይን እንዴት ምድጃ አጠገብ ይቀመጣል? ድሮ ፍሪጅ በሌለበት ዘመን ወይኑን ያቆየው እኮ ክረምት ከበጋ እምብዛም የማይለዋወጠው የምድር ቤት ቅዝቃዜ ነው። አስተናጋጇን «እህቴ፣ ከደረጃው ሥር ብታስቀምጡት» አልኳት። በትሕትና ሰማችኝ፤ ለጊዜው በረዶ የሞላ ባልዲ አመጣችልኝ።

ስፒከሩ ይብሳል። ድንጋዩ ድምፁን መልሶ ይወረውረዋል፤ አባባን ለማናገር ጆሯቸው ድረስ መጠጋት ነበረብኝ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። አስተናጋጇ በየጠረጴዛው ሻማ ለኮሰች። ፎቅ ላይ ቢሆን ቬንቲሌተሩ ሲቆም ሰው ሁሉ ወደ በረንዳ ይወጣ ነበር፤ እዚህ ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም፣ ቅዝቃዜው እንዳለ ነው። ሙዚቃው ሲቆም የየጠረጴዛው ጨዋታ ከፍ አለ። አባባ ምድር ባቡር ሳሉ አዋሽ ጣቢያ ባቡሩ ተበላሽቶ ከተሳፋሪ ጋር ያደሩበትን ሌሊት ጀመሩልኝ። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ወጣቶች አግዳሚያቸው ላይ ዞረው «ከዚያስ አባባ?» ይሏቸዋል። ብሬመን እያለሁ የምወደው ልክ እንዲህ ያለውን ሰዓት ነበር። 20 ደቂቃ ያህል ቆየን። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ስፒከሩም አብሮ ተነሳ፤ አባባ ወሬያቸውን መሐል ላይ አቋርጠው ዝም አሉ።

ስንወጣ ሥራ አስኪያጁን ሦስቱንም ነገርኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንመለስ ደረጃው ላይ የብረት መደገፊያ ተበይዷል። ወይኑ ከደረጃው ሥር ገብቷል፤ ጠርሙሱን ነካሁት፣ ቀዝቅዟል። ስፒከሩ እንደነበረ ነው። ከትልቅ ሰው ጋር የምትሄዱ ከሆነ በስተግራ ጥግ፣ ከዓምዱ ጀርባ ያለችውን ጠረጴዛ ጠይቁ፤ ድምፁ እዚያ ይቀንሳል። አባባ የአዋሹን ሌሊት የጨረሱልኝ እሷ ላይ ነው።