የአባታችንን ትሬንታ ኳትሮ በታማኝነት ለቀቡልን ባለሙያ

በኮምቦልቻ ከተማ የመኪና ቀለም ቀቢ ለሆኑትና እኛ «ጋሼ» ለምንላቸው ባለሙያ፣ በእኅቶቼና በወንድሞቼ ስም ይህን ምስጋና ሳቀርብ ከልብ በመነጨ አክብሮት ነው።

አባታችን ከደሴ አሰብ ጭነት ሲያመላልሱበት የኖሩት፣ መሪው በቀኝ በኩል የሆነው ፊያት 634፣ ሾፌሮቻችን «ትሬንታ ኳትሮ» የሚሉት መኪና፣ ከጣሊያን ጦር የተረፈ መሆኑን ስንሰማ አድገናል። ሞተሩንና ካቢናውን አስጠግነን ስንጨርስ በጦርነቱ ዘመን የነበረውን ምልክት ይዞ እንዲቆም ፈለግን። አስቀድመን ያነጋገርነው አንድ ጋራዥ ግን ቀለሙን እስከ ላሜራው ልጦ፣ ከኢንተርኔት የተገኘ የክፍለ ጦር ዓርማ ሊስልበት ነበር ያሰበው።

ጋሼ መኪናውን ዞረው ካዩ በኋላ፣ «የለበሰውን ራሱ ይናገር» አሉን። በሩ ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ መርጠው፣ ውኃ እያርከፈከፉ በለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት ሲያሹት፣ መጀመሪያ የአባታችን ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከሥሩም ግራጫማ አረንጓዴው የጦር ቀለም ተራ በተራ ብቅ አሉ። በኋላው ስፖንዳ ላይ ከነጭ መደብ የአንድ ቀይ ፊደል እግርና ሁለት ጥቁር አኃዞች ወጡ፤ የጣሊያን ጦር ታርጋ ምህጻረ ቃሉ በቀይ፣ ቁጥሩ በጥቁር ይጻፍ ነበርና ጋሼ ከዘመኑ ፎቶግራፎች ጋር እያስተያዩ አረጋገጡልን። እጅግ የገረመን ግን በሩ ላይ፣ ከግራጫማው ቀለም በላይ የተገኘው «ዩ» የሚለው ነጭ የላቲን ፊደል ነው። የደቡብ አፍሪካ ጦር የተሽከርካሪዎቹን ቁጥር በዚህ ፊደል ያስጀምር ነበር፤ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ የገባውም የደቡብ አፍሪካ ብርጌድ ነው። የአባታችን መኪና ተማርኮ ለሁለተኛ ጦር ማገልገሉን ያወቅነው እዚያች መዳፍ በምታህል ቦታ ላይ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በጣሊያን ጦር የመጀመሪያው ሻምበል የተባለው የጦር ክፍል ምልክት የሆነው ቀይ አራት ማዕዘን እንዲጨመር ጠይቆ ነበር። ጋሼ ምልክቱን ያዘዘው ደንብ በ1938 እ.ኤ.አ. የወጣ የታንኮች ደንብ እንጂ የጭነት መኪኖች ደንብ እንዳልሆነ በትዕግሥት አስረድተው፣ ማስረጃ ያልተገኘለትን ቦታ ባዶ ተዉት። እኔ ከሥራቸው ሁሉ አብልጬ የማከብረው ይህንን እንቢታቸውን ነው። የተገኙትንም ፊደላት አዲስ ቀለም ሳያስነኩ፣ ዙሪያቸውን ብቻ ቀብተው እንዳሉ አቆዩልን። ሥራው ካሰቡት በላይ ሳምንታት ቢወስድባቸውም ከተስማማንበት ዋጋ አንዲት ብር አልጨመሩም።

አሮጌ መኪና በደሴ፣ በኮምቦልቻም ሆነ በአካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ አድራሻቸውን እሰጣለሁ። የቤተሰብ ፎቶግራፍ ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከሁሉ በላይ ግን እሳቸው ሳያዩት ቀለሙን እንዳታስልጡት አደራ።