ቤርፉት ጫማ ከበጋ እስከ ክረምት፦ ለእግር ጉዞ ይመቻል፣ ለሩጫ ግን በልክ

ቤርፉት ማለት እንደ ባዶ እግር የሚያስረግጥ ቀጭንና ጠፍጣፋ ጫማ ነው። የዚህኛው ሶል 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ በውስጡ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የሚወጣ ንጣፍ አለው። ተረከዙና ፊቱ እኩል ናቸው። የተለመደው የመሮጫ ጫማ ተረከዙ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል። ያ ከፍታ ሲጠፋ ባትና የተረከዝ ጅማት በየእርምጃው የበለጠ ይሳባሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከውስጥ እግር ይልቅ ባት የሚያመው ለዚህ ነው።

«ጠፍጣፋ ከሆነማ በረባሶ አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። አለ፤ ግን የመኪና ጎማ ከእግር ጋር አይተጣጠፍም። ይህኛው ተጠቅልሎ እጅ ውስጥ ይገባል፣ ፊቱም ጣት እስኪዘረጋ ሰፊ ነው።

ቁጥር የሚመረጠው እግር አበጥ በሚልበት በማታ ሰዓት ነው። ንጣፉን አውጥቶ ላዩ ላይ መቆም፤ ከረዥሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ መትረፍ አለበት። ከዚያ ካለፈ ቀጭኑ ሶል ከጣት ስር እየታጠፈ ያደናቅፋል።

ኮብልስቶን ላይ እንደሚፈራው አይደለም፤ እግር የድንጋዩን ቅርጽ እያወቀ ይረግጣል። ኮረኮንች ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሹል ጠጠር ከጣቶች ሥር ካለው አጥንት ጋር ሲገናኝ ያስነክሳል። እንጦጦ ላይ አፈሩ ድንቅ ነው፣ የወደቀውን የባሕር ዛፍ ፍሬ ግን አንድ በአንድ ትቆጥሩታላችሁ።

ሩጫ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሻጮች እ.ኤ.አ. በ1960 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን ይጠቅሳሉ፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ከዚያ በፈጠነ ሰዓት መግባቱን ማን ያንሳው? እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ባለው በብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ በተሠራ ጥናት፣ በ10 ሳምንት ውስጥ ወደዚህ ዓይነት ጫማ ከተሸጋገሩ 19 ሯጮች የ10ሩ የእግር አጥንት መቅኔ ላይ እብጠት ታይቷል። በአሮጌ ጫማቸው ከቀጠሉት 17 ሯጮች ግን በ1 ብቻ። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ለእግር ጉዞ ብቻ ይሁን፣ በቀን 30 ደቂቃ። ቀጥሎ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከተለመደው ሩጫ መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ፣ በአፈር ላይ፤ በየሳምንቱ 2 ደቂቃ መጨመር። እርምጃ አጭር ይሁን። እግር ወደ ፊት ተወርውሮ በተረከዝ ካረፈ ድንጋጤውን የሚውጥ ስፖንጅ የለም። ባትን ለማጠንከር ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ 15 ጊዜ ማውረድና ማንሳት፣ ሦስት ዙር።

የባት ሕመም በሁለትና ሦስት ቀን ይለቃል። በእግር ጀርባ፣ የጫማው ማሰሪያ በሚያርፍበት በኩል፣ በጣት ሲጫኑት አንድ ነጥብ ብቻ የሚያም ከሆነ ግን አጥንት እየተሰነጠቀ ሊሆን ስለሚችል ሩጫውን አቁሞ መታየት ነው። በስኳር ሕመም እግሩ የደነዘዘ ሰው ጨርሶ አይሞክረው።

ትልቁ ድክመቱ ክረምት ነው። የሶሉ ጥርስ አጭር በመሆኑ ጭቃ ወዲያው ይሞላውና ቁልቁለት ላይ ያንሸራትታል፤ የላዩ መረብ ጨርቅም ውሃ ያስገባል። ሲረጥብ ንጣፉን አውጥቶ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቆ በጥላ ማድረቅ። ከሰል አጠገብ ከተቀመጠ ሙጫው ይለቃል። ጠርዙ ከተላቀቀ ጫማ ሰፊው በማስቲሽ ይለጥፈው እንጂ ሶሉን አይስፋው፤ በ4 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ውሃ ማስገቢያ ነው። ቀድሞ የሚያልቀው ከአውራ ጣት ሥር ያለው ቦታ ነው፤ እዚያ ጥርሱ ሲጠፋ ለደረቅ አስፋልት ብቻ ይቀራል።