ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለኦንላይን ሠራተኛ የሚሆን ማረፊያ፦ በምሽት የተመዘነ ቤት

ላፕቶፑን ይዞ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረ ለውጭ አገር ደንበኞች በኢንተርኔት የሚሠራ ሰው ማረፊያ ሲመርጥ የሚያየው ነገር ከሌላው መንገደኛ ይለያል። ሌላው እንግዳ የሚመጣው ለመኝታ ነው፤ ይህኛው ግን ዋናውን ሥራ የሚጀምረው ቤቱ ጸጥ ማለት ሲጀምር ነው። ኒው ዮርክ ያለ ቢሮ በእነርሱ አቆጣጠር ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ሲከፈት እኛ ዘንድ እንደየወቅቱ ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ይሆናል፤ ካሊፎርኒያ ያለው ሲከፈት ደግሞ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ በእግር የሚደረስበትን ይህን የእንግዳ ማረፊያ የምገመግመው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። ባለቤቲቱ የቤታቸው ስም ጽሑፍ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ስሙን ትቼዋለሁ።

ቤቱን እንድመርጥ ያደረገኝ የራሱ የሆነ የመስመር ኢንተርኔት ያለው መሆኑ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው፣ በስልክ ዳታ ብቻ ተማምኖ ከደንበኛ ጋር ውል ለመግባት አይደፍርም። በዚህ ቤት ቀን ላይ ዋይፋዩ የሚያስመሰግን ነው፤ ከባድ ፋይል ሳይቆራረጥ ይጫናል፣ የቪዲዮ ስብሰባም ያለ ችግር ይካሄዳል። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን ሁኔታው ይለወጣል። የቪዲዮ ስብሰባ መተግበሪያው ዙም ሁለት ሰዎች ጥራት ባለው ምስል እንዲነጋገሩ በሰከንድ ወደ 600 ኪሎቢት ገደማ፣ ከዚያም ይበልጥ ለጠራ ምስል (ኤችዲ) ደግሞ 1.2 ሜጋቢት ይፈልጋል፤ ይህ ብዙ የሚባል ባይሆንም፣ በየክፍሉ ያለው እንግዳ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ቲክቶክና ኳስ ሲከፍት እርሱም ይጠፋል። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል በየክፍሉ ቁም ሣጥን በር ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ተጽፏል፤ የጽሑፉን መደብዘዝ ያየ ሰው ከተቀየረ ስንት ጊዜ እንደሆነው መገመት አያቅተውም። መፍትሔው ከባድ አይደለም፤ ለሥራ ለሚመጣ እንግዳ በራሱ የይለፍ ቃል የሚገባበት ሌላ የዋይፋይ ስም ራውተሩ (ኢንተርኔቱን በዋይፋይ የሚያሰራጨው መሣሪያ) ላይ መክፈት ይቻላል፣ አብዛኞቹ ራውተሮችም ይህን ይፈቅዳሉ። የቤቱን መስተንግዶ የሚሠራው ወጣት ይህን ሳሳየው በደስታ ተቀብሎኛል፤ የሚያስፈልገው የባለቤቲቱ ፈቃድ ብቻ ነበር።

ትልቁ ጉድለት መብራት ላይ ነው። ቤቱ ጄኔሬተር አለው፤ መብራት ሲጠፋም ወዲያው ይነሳል። ሆኖም የጄኔሬተሩ መስመር የተዘረጋው ለኮሪደሩ አምፖሎች፣ ለማቀዝቀዣውና ለእንግዳ መቀበያው ሲሆን፣ ራውተሩ የተሰካበት ሶኬት ከዚህ መስመር ውጭ ነው። በመሆኑም ኮሪደሩ በብርሃን ተሞልቶ ኢንተርኔቱ ግን ጨልሞ ይቀራል። አብዛኛው ራውተር በ12 ቮልት የሚሠራ፣ ኃይሉም ከ10 ዋት ብዙ የማይርቅ ስለሆነ፣ ይህንኑ ቮልቴጅ የሚያወጣ ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ሊያቆየው ይችላል። እኔ የያዝኩት ባትሪ በጨለማ ሁለት ስብሰባ አስጨርሶኛል። ነገር ግን እንግዳው ባትሪ ተሸክሞ እንዲመጣ ከመጠበቅ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ አንድ ሶኬት ማዛወር የቤቱ ድርሻ ነው። ጄኔሬተሩ ማታ 4 ሰዓት ላይ መጥፋቱም ለካሊፎርኒያ ደንበኛ ለሚሠራ ሰው ችግር ነው፤ በዚያ ሰዓት እነርሱ ገና ምሳ አልበሉም።

ክፍሎቹ ንጹሕ ናቸው፣ አልጋውም ጥሩ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጋቢ ደርበው ካልተቀመጡ ጣት ኪቦርድ ላይ ይደነዝዛል። ለሥራ የሚሆን ጠረጴዛ ክፍል ውስጥ የለም፤ ከምግብ ቤቱ አንዱን እንዲያመጡልዎ ቢጠይቁ አይከለክሉም። ከሁሉ በላይ የማሳስበው ግን የክፍል ምርጫን ነው። የላይኛው ፎቅ እይታው ያማረ ነው፤ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ይታያል። ይሁን እንጂ ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ማይክሮፎኑን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ደንበኛ ፋብሪካ ውስጥ ሆኜ የምሠራ መስሎት ጠይቆኛል። በሐምሌና በነሐሴ የሚመጣ ሰው ምድር ቤቱን ይያዝ።

ምግቡን በተመለከተ የምለው ጥቂት ነው፤ ሽሮው ግሩም ነው፣ እንጀራው የጎጃም ጤፍ ነው፣ ኩሽናው ግን ማታ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ይህን ጉድለት የሚሸፍነው የባለቤቲቱ ደግነት ነው። ሥራዬን ካወቁ በኋላ በየምሽቱ ሻይ የተሞላ ፔርሙዝና በሰሐን የተከደነ ድፎ ዳቦ በሬ ላይ ያስቀምጡልኝ ነበር። አንድ ጊዜ «ልጄ፣ ይህን ያህል ሌሊት የሚያስለፋህ አሠሪ ለመሆኑ ደመወዙን በጊዜ ይከፍልሃል?» ብለው ጠየቁኝ። «ይከፍላል እትዬ፣ መብራት ካልጠፋ» አልኳቸው፤ ስቀው ጄኔሬተሩን በዚያ ምሽት ግማሽ ሰዓት አስረዘሙልኝ።

ዋጋው ለሳምንትና ለወር በስምምነት የሚወሰን ሲሆን በቴሌብርም ሆነ በባንክ መክፈል ይቻላል። እዚህ ላይ ስለ ገቢያችን አንድ ነገር ማንሳት ግድ ይላል። ሠራተኛንና ደንበኛን የሚያገናኘው ድረ ገጽ ፋይቨር ከሠራተኛው ክፍያ ላይ 20 በመቶ ይወስዳል፤ ፔይፓል ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ገንዘብ ለመቀበል ስለማያገለግል ብዙዎቻችን እንደ ፔዮኒር ያሉ መንገዶችን እንጠቀማለን፤ እነርሱም የራሳቸውን ድርሻ ይቆርጣሉ። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዶላር ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በዶላር የሚከፈለው ሰው የክፍሉ ኪራይ ቀለል ቢለው ምክንያቱ ይኸው ነው። ባለቤቲቱ ግን ለጄኔሬተሩ ቤንዚን የሚከፍሉት ከጊዜ ወደ ጊዜ በሚጨምር ዋጋ ነው። ስለዚህ ኪራዩ ላይ አጥብቆ መከራከርን አልደግፍም፤ ይልቁንም ጄኔሬተሩ እስከ እኩለ ሌሊት እንዲቆይ የነዳጁን ተጨማሪ ወጪ ለመሸፈን መስማማት ለሁለቱም ወገን ይበጃል። እኔ ይህን ሐሳብ ሳቀርብላቸው ሳያቅማሙ ተቀብለውኛል።

ለጸሐፊ፣ ለተርጓሚ፣ ለፕሮግራመርና ሥራውን ሠርቶ በመላክ ለሚጨርስ ሁሉ ቤቱን ያለ ጥርጥር እመክራለሁ። በየምሽቱ የቪዲዮ ስብሰባ ላለበት፣ በተለይ በስልክ ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሰው ግን አሁን ባለበት ሁኔታ አልመክረውም። ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የዓባይን በረሃ ከማቋረጡ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ማጣራቱ አይቀርም፤ በዚያው ወደ ማረፊያው ደውሎ ምድር ቤት ክፍል መኖሩንና የራውተሩ ሶኬት መዛወሩን ይጠይቅ፤ ባለቤቲቱ ከመስቀል በኋላ እንደሚያሠሩት ነግረውኛል።