ሥራ ማፈላለግና የድጎማ ክፍያ፦ በአንድ ጣሪያ ሥር ወይስ ለየብቻ?

ሥራ ያጣ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ ሥራና እስኪያገኝ ድረስ የሚቆይበት ገንዘብ። ሁለቱን ማን ይስጥ በሚለው ላይ አገሮች አልተስማሙም።

አንድ ላይ፦ ብሪታንያ በ2002፣ ኖርዌይ በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያዋሃዱት ነው።
ለየብቻ፦ በስዊድን ሥራ የሚያገናኘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የሥራ አጥነት ክፍያውን የሚከፍሉት ግን የሥራ አጥነት መድን ፈንዶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር የተሳሰሩ።

ምልልስ፦ አንድ ላይ ሲሆን አንድ ፋይል፣ አንድ ቀጠሮ ይበቃል። ለየብቻ ሲሆን አንዱ ቢሮ «ማረጋገጫው ከወዲያኛው አልደረሰም» ሲል ክፍያው ይቆማል፤ ጥፋቱም የማንም አይሆንም።

ወጪ፦ ማዋሃድ መጀመሪያ ላይ ውድ ነው። የኮምፒውተር ሥርዓቱ ብቻውን ራስ ያዞራል።

አደጋ፦ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሚመክርህ ሰው ክፍያህን ማስቆረጥም ከቻለ፣ «ወገቤን ያመኛል፣ ከባድ ነገር አላነሳም» ብለህ በግልጽ አትነግረውም፤ ሥራ አይፈልግም ይለኛል ብለህ ትፈራለህ። እሱም እውነቱን ሳያውቅ የማይሆን ቦታ ይልክሃል። መለያየት ይህን ያቀለዋል እንጂ አያጠፋውም፤ የስዊድኑ ሥራ አገናኝም ለፈንዱ ሪፖርት ያደርጋል።

ሕመም፣ ዕዳና የቤት ችግር ለተደራረበበት ሰው አንድ ጣሪያ ይሻላል፤ ከቢሮ ቢሮ የሚንከራተትበት አቅም የለውም። ሙያ ላለውና በአጭር ጊዜ ሥራ ለሚያገኝ ግን መለያየቱ ብዙም አይጎዳውም፤ እንዲያውም ከአማካሪው ጋር በነፃነት ያወራል።