ዛፉን ሳይጥሉ ስጋታችንን ላነሱልን ባለሙያ

እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። ሥራቸው ዛፍ መከርከም ነው።

ከቤታችን ጎን ያለው ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፎቹ የጭስ ማውጫው አናት ላይ ደርሰው ነበር። ቀደም ሲል ያማከርናቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ከሥሩ ይቆረጥ»። እሳቸው ግን መጋዝ ሳያነሱ መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወጥተው አዩ። ከዚያ «ዛፉን ተዉት፣ መነሳት ያለባቸውን ቅርንጫፎች ላሳያችሁ» አሉን። በጣም ደስ አለኝ፤ ያ ዛፍ ለእኛ ብዙ ነገር ነው።

የነገሩን ለእናንተም ይጠቅማል። ከጭስ ማውጫው አፍ በጎንም ወደ ላይም ቢያንስ 3 ሜትር ያህል ከቅርንጫፍ ነጻ መሆን አለበት። የደረቀ ቅርንጫፍ ከሆነ ደግሞ ምንም ይሉኝታ የለም፣ ይነሳል። ስጋቱ የእሳት ፍንጣሪ ብቻ አይደለም። የእንጨት ጭስ ቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ጥቀርሻው ራሱ ይነዳል! እሱ ከተያያዘ ነበልባል በአናቱ ሊወጣ ይችላል። በዚያ ላይ የተጠጋ ዛፍ ነፋሱን ስለሚያውከው ጭሱ ወደ ታች ይመለሳል። ነፋስ ባለ ቀን ሳሎናችን ለምን በጭስ እንደሚታፈን ያኔ ገባኝ። ከጭሱ ጋር የሚመለሰው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰው ይገድላል።

አሠራራቸው ያስቀናል። ምድጃው ጠፍቶ በደንብ ሳይቀዘቅዝ አልጀመሩም። ከባዱን ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከሥር በኩል በመጋዝ ገባ አደረጉት፤ ከዚያ ከዚህ ቁርጥ ወደ ጫፉ በኩል ራቅ ብለው ከላይ ቆረጡት። እንዲህ ሲሆን ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ አይላጥም። የቀረውን ጉቶ ሲያነሱም ከግንዱ ጋር እኩል አልላጩትም። ቅርንጫፉ የሚነሳበትን እብጠት ተዉለት፣ ቁስሉ ቶሎ እንዲሸፈን። ትልልቁን ሁሉ በገመድ አወረዱት፤ ጣሪያው ጭረት እንኳ የለበትም። አሸንዳው ውስጥ የተከማቸውን ቅጠል ሳንጠይቃቸው ጠረጉልን።

ሌላው የወደድኩላቸው፣ የማይሠሩትን እሠራለሁ አይሉም። «ቱቦውን የሚያጸዳ ባለሙያ በየዓመቱ ያየው፤ አፉ ላይም ፍንጣሪ የሚይዝ ወንፊት ይኑረው» ብለው መከሩን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉላቸው የዛፉንና የጭስ ማውጫውን ፎቶ ቀድማችሁ ላኩ፤ የሚይዙትን መሣሪያ የሚወስኑት እሱን አይተው ነው።