ኢፍሊ ሜዶውስ፣ ኦክስፎርድ፦ አበባው በኤፕሪል፣ ሙያው በጁላይ

ኦክስፎርድ ከተማ ውስጥ ዶኒንግተን ድልድይ አጠገብ፣ ቴምዝ ለሁለት ተከፍሎ መሐሉ ላይ የተወው 36 ሄክታር ገደማ ጨፌ አለ። መሬቱ የከተማው ምክር ቤት ነው። ከ1983 ጀምሮ የሚንከባከበው ግን በምህጻሩ ቢቢኦደብሊውቲ የሚባለው የአካባቢው የዱር ሕይወት ማኅበር ነው። መግቢያ አይከፈልም።

ሰው የሚጎርፈው በኤፕሪል አጋማሽና መጨረሻ፣ ለፍሪቲላሪ አበባ ነው። አበባው ከስንዝር እምብዛም የማይበልጥ፣ ደወል መስሎ ያቀረቀረ ነው። ጎንበስ ብሎ ላየው ደማቅና ፈዛዛ ሐምራዊ እንደ ዳማ ገበታ ተፈራርቆበታል፤ አልፎ አልፎ ነጭም አይጠፋም። ማኅበሩ ሥራውን ሲጀምር የተቆጠረው 500 ያህል ነበር፤ በኋላ ከ80 ሺህ ያለፈበት ዓመት አለ።

ይህ ሁሉ የመጣው ዘር በመዝራት ሳይሆን ድርቆሹን በሥርዓት በማጨድ ነው። አበባው ዘር ሲይዝ ያቀረቀረው አገዳ ቀና ይልና ፍሬውን ወደ ሰማይ ያቆማል። ፍሬው ደርቆ፣ ተሰንጥቆ፣ ስሱን ዘር ሳያራግፍ ማጨጃ ከገባ የዓመቱ ዘር ከድርቆሹ ጋር ተጭኖ ይሄዳል። ስለዚህ ማጭድ የሚገባው በጁላይ ነው። ሦስት አራት ቀን የጠራ ሰማይ ይጠበቃል፤ ይታጨዳል፣ እስኪደርቅ ይገላበጣል (የቀረው ዘር የሚረግፈው ያኔ ነው)፣ ይታሰርና ከመስኩ ይወጣል። መውጣቱ ነው ዋናው። ሣሩ እዚያው ከተተወ በስብሶ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ከታች የሚበቅለውንም ያፍናል። አፈሩ ሲሰባ የሚጠቀሙት ረጃጅም ሣርና ሳማ እንጂ አበቦቹ አይደሉም። ለዚህም ነው ማዳበሪያ የማይጨመረው፤ ከጎርፉ ደለል የሚመጣው ይበቃል።

ከዚያ ተረፉን ከብት ይግጠዋል። ከብቱ ዘግይቶ ከቆየ ረግረጉን በሰኮናው ያቦካዋል፤ በአውሮፓ ጸደይ (በማርችና በኤፕሪል) ከገባ ደግሞ ቡቃያውን ይጨርሳል። ጨፌውን በክረምት ከልክሎ በጥቅምትና በኅዳር የሚያጭድ የእኛ አገር ገበሬ ይህን ቅደም ተከተል ለማወቅ አስረጂ አያስፈልገውም።

ከተማ መሐል መሆኑ የራሱ ጣጣ አለው። ትልቁ ውሻ ነው። ኩሱ አፈሩን ያሰባል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ ኒኦስፖራ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ ከውሻ ኩስ ወደ ሣሩ አልፎ ላም ማስወረዱ ነው። እንዲህ ያለ ድርቆሽ የሚገዛ ገበሬ አይገኝም፤ ገዢ ከጠፋ ደግሞ አጨዳው ራሱ ወጪ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ውሻችሁን በማሰሪያ ያዙ፣ ኩሱንም አንሱ። የተጣለ ቆርቆሮ በማጨጃው ተቆራርጦ ድርቆሹ ውስጥ ከገባ የላም ጨጓራ ይበሳል። ፎቶ ለማንሳት ከመንገዱ የሚወጣ ሰው የሚረግጠው ገና ያላበበውን ነው፤ ከዘር እስከ አበባ ዓመታት ይፈጃል።

በዚያው ከተማ ያለው ፖርት ሜዶው ሲበዛ ይወደሳል። ሰፊ ነው፣ ታሪኩም ጥልቅ ነው፤ በ1086ቱ የእንግሊዝ ንጉሥ የመሬት መዝገብ (ዱምስዴይ ቡክ) ላይ ሳይቀር ተጠቅሷል። ግን የግጦሽ መስክ ነው፤ ፈረስና ከብት ስለሚግጠው ሣሩ አጭር ነው። ወፍ ለማየት ይሻላል፤ ረጅም የአበባ ሣር የሚፈልግ ግን ኢፍሊን ይምረጥ።

በእኛ ግምት ኢፍሊ ለእንክብካቤው ከአምስት አምስት ይገባዋል። ለጎብኚ ምቾት ግን ሦስት፤ አበባው የሚቆየው ጥቂት ሳምንት ነው፣ ከጁላይ በኋላ የሚመጣ የተላጨ ሜዳ አይቶ ይናደዳል፣ በአውሮፓ ክረምት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) ደግሞ ውሃው ይተኛበታል። በጸደይም ቢሆን ቦቲ ጫማ ያዙ። ጎርፍ ከያዘው እዚያው ኦክስፎርድ ሞድሊን ኮሌጅ (አጻጻፉ «ማግዳለን» ቢመስልም) ያለው መስክ ይኸው አበባ አለው፤ አጋዘኖቹም የሚለቀቁበት ዘሩ ከረገፈ በኋላ ነው። እዚያ ግን መግቢያ ይከፈላል፤ የሚታየውም በዙሪያው ካለው የእግር መንገድ ላይ ሆኖ ነው።