ባለ 15 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር በሐዋሳ ሐይቅ፦ ከዓመት አገልግሎት በኋላ

ይህን የጀልባ ሞተር ከገዛሁት ዓመት አልፎታል። ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ነው። ቤንዚንና ዘይት ተደባልቆ ይጠጣል፣ በገመድ ተስቦ ይነሣል። አስነሣሡ ጥሩ ነው። የነዳጅ ፍጆታውም የተባለውን ያህል ነው። እዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

የምለው ስለ አንድ ነገር ነው። ይህ ሞተር ሐዋሳ ሐይቅ ላይ 15 ፈረስ ጉልበት የለውም። ሻጩ ደግሞ ይህን አልነገረኝም።

ለምን እንደዚህ እንዳንገበገበኝ ለማስረዳት ስለ ጀልባዋ ልናገር። ጀልባዋን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ራሳችን ነን የሠራናት። ልጆች ሳለን፣ ከተማዋ አዋሳ በምትባልበት ጊዜ፣ ከሰፈራችን አናጢ ጋር ሆነን እንዲህ ያለች ጀልባ ሠርተን ነበር። ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ርዝመቷ ከሦስት ሜትር ተኩል የማይበልጥ። ጎኗ ኮምፖርሳቶ፣ አጥንቷ ዋንዛ። መጋጠሚያውን በጨርቅና በቀለጠ ሬንጅ ደፈንነው። ከአንድ ጋራዥ ጥግ ተጥሎ የነበረ አሮጌ ሞተር ተገኘና ከኋላዋ ታሰረ።

ያቺ ጀልባ ትበር ነበር። ሌላ ቃል የለኝም። መጀመሪያ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ትቀስራለች፣ ኋላዋ ውሃ ውስጥ ይሰምጣል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ከዚያ ድንገት ቀና ትልና ውሃው ላይ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ሆዷ ውሃውን የሚነካው በትንሹ ነው። የሞተሩ ድምፅ ይቀጥናል፣ የውሃ ፍንጣሪ ከጎን ይቀራል። የምንቀመጠው ከውሃው ስንዝር ከፍ ብለን ስለሆነ ታቦር ተራራ ራሱ ወደ እኛ የሚሮጥ ይመስለን ነበር። ከአሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪዎቹ ቆመው ያዩን ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ በብዙ ነገር ተሳፍሬያለሁ። እንደዚያ ያለ ፍጥነት ግን አልቀመስኩም።

እንግዲህ አዲሷን ጀልባ የሠራነው ያንን ለማግኘት ነው። መጠኗ ያው ነው። በሬንጅ ፈንታ ሆዷን ፋይበር ግላስ አለበስናት። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሞተር ገዛን። ውሃ ላይ አወረድናት፣ ጋዙን እስከ መጨረሻው ሰጠናት። አፍንጫዋን ቀሰረች። እንደቀሰረች ቀረች። ወንድሜ ወደ ፊት ተጠግቶ ቢቀመጥም፣ እኔ ብጎነበስም ለውጥ የለም። ሐይቁን እያረሰች ሄደች እንጂ ላዩ ላይ አልወጣችም።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ሞተሩ ገና አዲስ ነው፣ ይለማመድ» አለኝ። ተለማመደ። ያው ነው። እንደገና ስደውል «ሱቅ በርሜል ውስጥ ሲሠራ አይተው አይደል የወሰዱት?» አለ። አዎ፣ አይቻለሁ። በርሜል ውስጥ ግን ሞተሩ የሚገፋው ጀልባ የለም። እዚያ መጮኹ ስለ ጉልበቱ ምንም አይናገርም። ሦስተኛው ምክሩ ደግሞ «ባለ 20 ይውሰዱ» የሚል ነበር። ይህችን ለምታክል ጀልባ ኋላዋ ላይ ተጨማሪ ክብደት መስቀል የባሰ ያሰምጣታል፣ ኪሴንም ያራቁተዋል።

ነገሩ የአየር ነገር ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 15 የሆነው ሞተር እኛ ጋ 12 ተኩል ቢሆን ነው። ከቆላ የመጣ ሯጭ ደጋ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥረው መሆኑ ነው። ጀልባ ደግሞ ሙሉ ጉልበት የምትፈልገው ውሃው ላይ እስክትወጣ ባለችው አጭር ጊዜ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ከጎደለ ሁሉም ይቀራል።

ይህንን ስረዳ የልጅነታችን መካኒክ ትዝ አለኝ። አሮጌውን ሞተር ሲያስርልን ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋውን የፕሮፔለሩን ጫፎች በሞረድ እየሞረደ ቀንሷቸው ነበር። እኛ ዝገት የሚያነሣ መስሎን ነበር። ለካስ ሸክሙን እያቀለለለት ነው። ፕሮፔለሩ ትንሽ ውሃ ሲገፋ ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ በደንብ ሲዞር ያለውን ጉልበት ያወጣል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ በዚያ ዘመን ሰፈራችን ውስጥ ነበር። ዛሬ ሞተር የሚሸጥ ሱቅ እንዴት አያውቅም?

መፍትሔው ርካሽ ነው። ፕሮፔለር ላይ ሁለት ቁጥሮች ተጽፈው ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ስፋቱ ነው። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ሲዞር ስንት ኢንች ወደ ፊት ሊሄድ እንደሚችል ይናገራል። ይህ ቁጥር ሲያንስ ለሞተሩ ይቀለዋል። ከሞተሩ ጋር የመጣው ፕሮፔለር ሁለተኛ ቁጥሩ 10 ኢንች ነበር። እኔ 8 አስመጣሁ። በዚያው ቤንዚንና አየር በሚደባለቁበት ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽዬ የነሐስ ቀዳዳ በጠበበች አስለወጥኩ። አየሩ ሳስቶ ቤንዚኑ እንደነበረ ከሆነ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል። የእኔም ጥቁር ሆኖ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ቀዳዳዋን ያስጠበበ ሰው ሞተሩን ይዞ ጋምቤላ ወደ ባሮ ቢወርድ የድሮዋን ይመልስ። ቆላ ላይ ቤንዚን ካነሰው ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ፒስተኑም ተጣብቆ ሊቀር ይችላል።

ፕሮፔለሩ ተቀይሮ የወጣን ቀን ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ብሎ ነበር። ጋዙን ሰጠሁ። አፍንጫዋን ቀሰረች፣ ሞተሩ አቃሰተ፣ እና ወጣች! ድምፁ ቀጠነ። ወንድሜ ስሜን እየጠራ ይጮኻል። በስልክ ስንለካው በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከውሃ ስንዝር ከፍ ብሎ ለተቀመጠ ግን ብዙ ነው። የፈለግነው ይኸው ነበር፤ አገኘነው።

(መረብ በተጣለበት አካባቢና ጉማሬ በሚታይበት በጥቁር ውሃ በኩል ጋዙን ቀንሱ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ደግሞ ሆደ ጠፍጣፋ ጀልባ ወገብ ትሰብራለች። ጠዋት ጠዋት ውጡ።)

ስለዚህ በሞተሩ ተጸጽቻለሁ? በፍጹም። ነገ ቢጠፋብኝ ያንኑ እገዛለሁ። ቅሬታዬ በአሻሻጡ ላይ ነው። «ሐዋሳን ማን ያስባል፣ ዕቃው እንዲሁ ነው የሚመጣው» የሚል ሻጭ ካለ፣ የዚህ አገር ሐይቆች የት እንዳሉ ይይ። ጣና ወደ 1,800 ሜትር ነው። ከእነዚህ ዝቅ ያሉት አባያና ጫሞ እንኳ ከ1,000 ሜትር በላይ ናቸው። እዚህ አገር ለሐይቅ ሞተር የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ለከፍታ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ባለ 10 ኢንች አውጥቶ ባለ 8 ቢከት ሻጩ የሚያጣው ነገር የለም። እኔ ያንን ሳጣ ግን ወራት ሙሉ ሐይቅ ሳርስ ከረምኩ።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሁለተኛውን ቁጥር ጠይቁ። ሻጩ ምን እንደሆነ ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ።